ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሻይ ጠረጴዛው፦ የከርሊንግ ክለብን ለአካል ጉዳተኞች ለመክፈት የትኛው ይመረጥ?

አጎቴን ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ወዳለ አንድ የከርሊንግ ክለብ (በበረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተቱ ወደ ክብ የሚያስጠጉበት ጨዋታ ነው) የወሰድኳቸው በጥር ወር ነበር። አጎቴ በልጅነት ልምሻ ሁለት እግራቸው ከሰለለ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ራሳቸው እየገፉ የትም ይደርሳሉ፤ ውድድር ያለበትን ነገር ሁሉ ይወዳሉ። በረዶው ላይ ለመውረድ አልተቸገሩም፤ ክለቡ ለዚሁ ብሎ የአሉሚኒየም መወጣጫ ገዝቷል። ስምንት ድንጋይ ለቀቁ፣ ሁለቱ ክቡ ውስጥ ገቡ። ከእኔ የመጀመሪያ ቀን የተሻለ ነው።

ችግሩ የመጣው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። ሰዉ ሁሉ መጥረጊያውን አስደግፎ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ። ሻዩም፣ ቢራውም፣ በረዶው ቁልቁል የሚታይበት ትልቁ መስታወትም እዚያ ነው። መድረሻው ደግሞ አሥራ ስምንት ደረጃ ነው። አራት ጎረምሶች አጎቴን ከነወንበራቸው ሊያነሷቸው ጎንበስ ሲሉ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸውና ወደ እኔ ዞሩ፤ «አራት ሆነው የሚሸከሙኝ ቀን አይቀርም፤ ዛሬ ግን ገና አልሞትኩም በልልኝ» አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ እንጂ ቃሉን አልተረጎምኩላቸውም።

ከዚያ ምሽት በኋላ እኔ አባል በሆንኩበት ሌላ ክለብ የሕንፃ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ካየሁትና ከተከራከርኩበት የተጠራቀመ ነው። በካናዳም ሆነ በሚኒሶታና በሲያትል፣ ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው ከተሞች የከርሊንግ ክለብ አለ። ስለዚህ በኮሚቴ ውስጥ ላለ ሰውም፣ ዘመዱን የት እንደሚወስድ ለሚያስብም ይጠቅማል ብዬ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። ከርሊንግ 45 ሜትር ያህል ርዝመትና አምስት ሜትር የማይሞላ ስፋት ባለው የበረዶ ሜዳ ላይ፣ እስከ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን የግራናይት ድንጋይ እያንሸራተቱ በሌላኛው ጫፍ ወደተሳለው ክብ የሚያስጠጉበት ጨዋታ ነው። ክቡን ተጫዋቾቹ «ቤት» ይሉታል። ቁመው የሚጫወቱት ተንበርክከው ድንጋዩን ይለቃሉ፣ ጓደኞቻቸው ከፊቱ እየሮጡ በረዶውን በመጥረጊያ ያሻሉ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚጫወቱት ግን ወንበራቸውን አቁመው፣ እግራቸው በረዶ ሳይነካ፣ በእጅ ወይም በረጅም ዘንግ ነው የሚለቁት። በእነርሱ ውድድር መጥረግ የለም። ድንጋዩ አንዴ ከእጅ ከወጣ በኋላ አቅጣጫውን የሚያቃናለት፣ ርቀት የሚጨምርለት ማንም ስለሌለ ጨዋታቸው ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ወደ ፓራሊምፒክ የገባው በ2006 በቶሪኖ ሲሆን ውድድሩ ፒኔሮሎ በምትባል በአቅራቢያው ባለች ከተማ ተካሂዶ ወርቁን ካናዳ ወስዳለች። በዚያው ዓመት፣ በዚያው የቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ፣ ሮቤል ተክለማርያም በበረዶ ሸርተቴ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ ወክሏል። በረዶ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ ነው ለሚሉኝ ይህን ማንሳት አልሰለችም።

ወደ በረዶው መውረጃ

ሕንፃው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ የመጀመሪያው እንቅፋት ከመተላለፊያው ወደ በረዶው ያለው እርከን ነው። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጫማ ርዝመት አይበልጥም፤ ለተሽከርካሪ ወንበር ግን ገደል ነው። ሦስት አማራጭ አለ፦ ተጣጥፎ የሚነሳ መወጣጫ፣ በቋሚነት የሚሠራ መወጣጫ፣ ወይም ወለሉን አፍርሶ ከበረዶው ጋር ማስተካከል።

ወለል ማፍረስ ክለቡ አዲስ ሲገነባ ወይም የማቀዝቀዣ ቱቦው ሲቀየር ብቻ የሚታሰብ ነው። በቀሩት በሁለቱ መካከል እኔ ያለማመንታት ተነሺውን እመርጣለሁ። የበረዶ ሠራተኛው ማሽኑን ሲያሳልፍ ከመንገዱ ይነሳለታል፤ ተጫዋቹ በሌላ ሜዳ ሲመደብም አብሮት ይሄዳል። ቋሚው ግን አንዱን ሜዳ «የአካል ጉዳተኞች ሜዳ» ያደርገውና የሊግ መርሐ ግብር የሚያወጣው ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲቸገር ይኖራል።

የመወጣጫው ርዝመት ላይ ግን መሰሰት አያስፈልግም። የተለመደው መለኪያ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ አንድ ሳንቲሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ርዝመት ይፈልጋል። እርከኑ 15 ሳንቲሜትር ከሆነ መወጣጫው ቢያንስ 180 ሳንቲሜትር መሆን አለበት። መደብር ውስጥ ያለው ርካሹ ብዙውን ጊዜ የዚህን ግማሽ ያህላል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል፦ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ እንዲመቹ ካዘዘ በኋላ በየባንኩ በር ላይ የተሠሩት አንዳንድ መወጣጫዎች ፍየል እንኳ አስቦበት የሚወጣቸው ናቸው። መወጣጫ አለ ለመባል የተሠራ መወጣጫ ከሌለው የሚከፋበት ጊዜ አለ፤ ያለ ጥርጥር ሰው ይጥላልና።

ከመወጣጫው አጠገብ ብሩሽ፣ ፎጣና ውኃ ይቀመጥ። የከርሊንግ በረዶ እንደ ሆኪ በረዶ ልሙጥ አይደለም፤ ውኃ ተረጭቶበት ጥቃቅን ጉብታ ያወጣ ነው፤ አንዲት የአሸዋ ፍንካች ድንጋዩን ከመንገዱ ታስወጣዋለች። ጎማ መጥረግ ስለዚህ ግዴታ ነው። ነገር ግን ቁመው የሚጫወቱትም ንጹሕ ጫማ መቀየር ግዴታቸው ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ማስታወቂያ ይጻፉ። ለወንበር ብቻ የተለየ ቀይ ማስጠንቀቂያ የለጠፈ ክለብ አይቻለሁ፤ አጎቴ አንብበው «እኔ ብቻ ነኝ ጭቃ የምረግጠው?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

በእጅ ወይስ በዘንግ

ይህ ምርጫ የተጫዋቹ ነው፤ የክለቡ ሥራ ሁለቱንም ማቅረብ ብቻ ነው። በእጅ የሚለቅ ሰው ከወንበሩ ጎን በኩል ጎንበስ ማለት፣ ወገቡንና ሆዱን መቆጣጠር መቻል አለበት። የአከርካሪ ጉዳቱ ከፍ ያለ ከሆነ ይህ አይሆንለትም። ዘንጉ ጫፉ ላይ የድንጋዩን እጀታ የሚይዝ መያዣ አለው፤ ክንድን ዘርግቶ ወደፊት መግፋት ብቻ ይበቃል። በፓራሊምፒክ ደረጃ የሚጫወቱትም አብዛኞቹ ዘንግ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ ስለዚህ «የደካማ መሣሪያ» የሚል ስም አይገባውም።

ሲገዙ ሁለት ነገር ይታይ፦ ርዝመቱ የሚስተካከል መሆኑና መያዣው ድንጋዩን ሲለቅ ማዞር የሚችል መሆኑ። ድንጋዩ በቀስታ እየዞረ ካልሄደ መንገዱን አያውቅም። አሰልጣኞች ይህን የሚያስተምሩት በሰዓት ነው፤ እጀታውን «አሥር ሰዓት ላይ» አድርገህ ጀምርና «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ» ስትደርስ ልቀቅ ይላሉ። አጎቴ እጀታውን ሰዓቱ አራት ወደሚጻፍበት ወደ ኋላ አዙረው ጠበቁ፤ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት እዚያ ነዋ! አሰልጣኙ ግራ ሲጋባ እኔ መሬት ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ወንበሩ ወደ ኋላ መሸሹ ነው። ሃያ ኪሎ ድንጋይ ወደፊት ሲገፋ ወንበሩ በበረዶ ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ፍሬን ጎማውን ይይዘዋል እንጂ በረዶውን አይዝም። ስለዚህ ከኋላ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። በወንበር ብቻ የሚጫወት ቡድን ውስጥ ጓደኛው ወንበሩን ከኋላ አስጠግቶ ጎማውን ይጨብጥለታል። በቅይጥ ቡድን ውስጥ ደግሞ ቁሞ የሚጫወተው ይዞ ይቆማል። ይህ ለመግፋት ፈቃድ አይደለም፤ ሳይጠይቁ የሰው ወንበር መንካት ሳይጠይቁ ክንዱን እንደመጎተት ነው።

ዘንግ ከክለቡ ወጪዎች ሁሉ ትንሹ ሲሆን ብዙ ሰው የሚመልሰውም እርሱ ነው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ጨዋታውን የተዉ አረጋውያን ቁመው በዘንግ ይጫወታሉ። ካናዳ ውስጥ ሁለት ሁለት ሰው ሆነው የሚጫወቱት የዘንግ ከርሊንግ ራሱን የቻለ ውድድር ሆኗል፤ አንዱ በዚህኛው ጫፍ፣ ሌላው በዚያኛው ጫፍ ይቆያል፣ ጨዋታው ስድስት ዙር ነው። በበረዶው ላይ ወዲያና ወዲህ መመላለስ ለሚከብደው ሰው ይህ ቅርጽ በጣም ይመቻል፤ ለወንበር ተጠቃሚም እንዲሁ።

የራሳቸው ሊግ ወይስ አብረው

በኮሚቴያችን ውስጥ ድምፅ የተካረረው እዚህ ላይ ነበር። ሁለቱም ወገን እውነት አለው።

የተለየ የተሽከርካሪ ወንበር ሊግ ጥቅሙ ደንቡን በሙሉ መጫወት መቻሉ ነው፦ አራት ሰው፣ ወንድም ሴትም ያለበት ቡድን፣ ስምንት ዙር፣ መጥረግ የለም። ወደ ብሔራዊ ውድድር ለመውጣት የሚያስብ ወጣት ያለዚህ አያድግም። በተጨማሪም በአንድ ክለብ ውስጥ ብቸኛው አካል ጉዳተኛ ሆኖ መቀመጥ የሚያደክመው ሰው አለ፤ ከመሰሎቹ ጋር ሲሆን ማስረዳት የለበትም። በዚህ ላይ በ2026 በሚላኖ ኮርቲና የፓራሊምፒክ መርሐ ግብር ውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት የሚጣመሩበት የወንበር ከርሊንግ ስለገባ፣ አራት ሰው ማሟላት ያልቻለ ክለብም ሁለት ተጫዋች ይዞ መነሳት ይችላል።

ነገር ግን የተለየ ሊግ አንድ ክፉ ልማድ አለው፦ ሰዓቱ ሁልጊዜ ማንም የማይፈልገው ሰዓት ነው። ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል፤ በሥራ ሰዓት። ከዚህ ጀርባ ያልተነገረው ግምት አካል ጉዳተኛ ሥራ የለውም የሚል ነው። አጎቴ የታክስ ሒሳብ ይሠራሉ፤ ረቡዕ ቀን ላይ ደንበኛ እንጂ ድንጋይ አይጠብቃቸውም። አባላቱ ከአምስት በታች ሲሆኑ ደግሞ አንድ ሰው ጉንፋን በያዘው ቁጥር ሊጉ ይሰረዛል።

አብሮ መጫወት ሌላ ጥያቄ ያመጣል፤ መጥረግስ? ለወንበር ተጫዋቹ ድንጋይ ይጠረግለት ወይስ አይጠረግ? አንዳንዱ ክለብ «እኩል ይሁን» ብሎ ለማንም አይጠረግም ይላል፤ ቁመው የሚጫወቱት ወዲያው ይሰላቻሉ። አንዳንዱ ለእርሱ ብቻ አይጠረግም ይላል፤ ይህ በሁለት እጁ የተያዘን ሰው ሩጥ ማለት ነው። እኛ የወሰንነው የሁሉም ይጠረጋል በሚል ነው፤ የቡድን ጓደኛ ድንጋዬን ሲጠርግልኝ እኔም ብሆን ታግዣለሁና። ሊጉ የመዝናኛ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ደንብ አላገኘሁም።

የእኔ ምርጫ እንግዲህ፦ ስምንት ተጫዋች እስኪሞላ ድረስ አብሮ፣ በምሽቱ ሊግ፤ ስምንት ሲሞላ ደግሞ የራሳቸውን ቡድን መጨመር። መጨመር እንጂ መለወጥ አላልኩም።

አብረው ለመጫወት ከመወሰናችሁ በፊት ግን አንድ የበረዶ ሥራ አለ። በወንበር ደንብ መሠረት ድንጋዩ የሚለቀቀው ከመሃል መስመሩ ግራና ቀኝ 46 ሳንቲሜትር ያህል ርቀት ላይ በተሰመሩ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች መካከል ነው። እነዚህ መስመሮች የሚቀመጡት በረዶው ውስጥ፣ ወቅቱ ሲጀመር ሜዳው ሲሠራ ነው። በኅዳር ያስታወሰ ክለብ እስከሚቀጥለው መኸር ይጠብቃል። ዋጋቸው ከምንም አይቆጠርም፤ ጊዜያቸው ግን አንድ ጊዜ ነው።

ብርዱንም እናስብ። የበረዶው ሙቀት ከዜሮ በታች አምስት ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሚጠርግ ሰው ላብ በላብ ሲሆን የተቀመጠው ይደርቃል። እግሩ ላይ ስሜት የሌለው ሰው ደግሞ ብርዱ ሲጎዳው አይሰማውም። አጎቴ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጫፉን ከወገባቸው በታች ይወትፉታል፤ ከጎማ ጋር እንዳይጠላለፍ። አሁን ሁለት ካናዳውያን የት እንደሚሸጥ ጠይቀውኛል።

ላይኛው ፎቅ

በከርሊንግ ወግ ጨዋታ ካለቀ በኋላ አሸናፊው ለተሸናፊው መጠጥ ይገዛል፤ ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አዲስ ሰው ቡድን የሚያገኘው፣ ስለ ሥራ የሚሰማው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ና የሚባለው እዚያ ነው። እኛ ለቡና ተጠርተን ቡናው ሳይፈላ ተመለሱ ብንባል ምን ይሰማን ነበር? ገንዘቡን በሙሉ በረዶው ላይ አፍስሶ ፎቁን የተወ ክለብ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው።

አማራጮቹ አራት ናቸው። ከክፉው ልጀምር፦ በደረጃው ሐዲድ ላይ የሚወጣ መቀመጫ። ሰውዬው ከወንበሩ ወርዶ እዚያ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ወንበሩ ግን ታች ይቀራል፣ ላይ ሲደርስ ሌላ ወንበር ከሌለ ባለበት ተተክሎ መቅረት ነው። ለመኖሪያ ቤት ይሆን ይሆናል፤ ለክለብ አይሆንም።

ሙሉ አሳንሰር ከሁሉ ይበልጣል፤ አረጋዊውንም፣ የሕፃን ጋሪ የያዘችውንም፣ የቢራ በርሜሉንም ያወጣል። ጉድጓዱ፣ መዋቅሩ፣ ፈቃዱ፣ ዓመታዊ ምርመራው ግን ለትንሽ ክለብ የዓመታት ዕዳ ነው። ካናዳ ውስጥ ያለ ክለብ ወደዚህ ከመግባቱ በፊት ኢኔብሊንግ አክሰሲቢሊቲ ፈንድ የተባለውን የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ ጥሪ ይከታተል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የተቋቋመ ነው።

በመካከል ያለው ከነወንበሩ የሚያነሳ ክፍት መድረክ ያለው ማንሻ ነው። ዝግ ይላል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ዋጋው ግን ከአሳንሰር በእጅጉ ያነሰ ነው። እንቅፋቱ መሣሪያው ሳይሆን ቁልፉ ነው። አንድ ቦታ ማንሻው አለ፤ ቁልፉ ከጽሕፈት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ከሥራ ሰዓት በኋላ ይዘጋል፤ ሊጉ የሚጀምረው ማታ ነው። ማንሻ የምትገዙ ከሆነ በውሉ ላይ ያለ ቁልፍ የሚሠራ ይሁን ብላችሁ አስጽፉ።

አራተኛው ምንም አይገዛም፦ ጠረጴዛውን ወደ ታች ማውረድ። ከበረዶው ጀርባ ባለው መተላለፊያ ወይም በመልበሻ ክፍሉ በር ላይ አራት ጠረጴዛ፣ የሻይ ማፍያና ማቀዝቀዣ። ኮሚቴያችን ይህን ለሙከራ ብሎ በአንድ ምሽት ሊግ ጀመረ፤ ቃል የተገባው ግን ሁሉም ሰው ታች እንዲቀመጥ ነው እንጂ ለወንበር ተጠቃሚው ብቻ ጠረጴዛ እንዲዘረጋ አይደለም። አንዳንድ ነባር አባላት የመስታወቱ ዕይታ ቀረብን ብለው አጉረመረሙ። በሦስተኛው ሳምንት ዝም አሉ፤ ደረጃው ለእነርሱም ጉልበት ከብዶ ኖሯል። እኔ ከማንሻው በፊት ይህን እመክራለሁ፤ ማንሻውም ቢመጣ አይከፋም።

መጸዳጃ ቤቱን ረስቼ አይደለም። በሩ 81 ሳንቲሜትር የጠራ ስፋት፣ ውስጡ ወንበር የሚዞርበት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ክብ፣ በሩም ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን። ይህ የሌለበት ክለብ ውስጥ ሰው ሁለት ሰዓት ውኃ ሳይጠጣ ይጫወታል፤ ከዚያ መምጣቱን ይተዋል፤ ለምን እንደቀረም አይናገርም።

ማየትና መስማት ለተሳናቸው

እዚህ ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚፈለገው ልምምድ ነው። ማየት ለተሳነው ተጫዋች በድምፅ የሚመራ ሰው ይበልጣል ወይስ ዒላማው ላይ የሚያዝ መብራት? ጭላንጭል የሚያይ ሰው መብራቱን ወይም ደማቅ ቀለም ያለው መጥረጊያን ይመርጣል፤ ጨርሶ የማያይ ድምፅን። በፓሪስ ፓራሊምፒክ በ1500 ሜትር ወርቅ ያመጣችልን ያየሽ ጌቴ ከመሪ ሯጭዋ ጋር እንዴት እንደተግባባች ያየ ሰው መሪነት ራሱ ችሎታ መሆኑን ይረዳል። በየሳምንቱ የተለያየ በጎ ፈቃደኛ ከመመደብ አንድ ቋሚ መሪ ይሻላል።

ከርሊንግ የጩኸት ጨዋታ ነው፤ «ጥረግ!» የሚለው ትእዛዝ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። መስማት የተሳነው ጠራጊ ወደ ድንጋዩ አጎንብሶ ስለሚሮጥ ከወዲያኛው ጫፍ የሚያዘውን የቡድኑን አለቃ አያይም። መፍትሔው አብሮት የሚጠርገው ሰው በክርን ወይም በመጥረጊያው እንዲነግረው መስማማት ነው። የድንጋይ ፍጥነትን የሚገልጹ የእጅ ምልክቶች በጨዋታው ውስጥ ድሮም አሉ፤ ሁሉም አባል ቢያውቃቸው የሚሰማውም ይጠቀማል።

ዘመድ ይዞ ለሚመርጥ

ከተማችሁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቦታ ልታገኙ ትችላላችሁ። አንዱ የራሱ ሕንፃና በረዶ ያለው ነባር ክለብ፣ ሌላው የከተማውን የሆኪ አዳራሽ በሰዓት ተከራይቶ የሚጫወት ቡድን። የከተማው አዳራሽ ብዙውን ጊዜ በሩ ሰፊ፣ መጸዳጃው የተሟላ፣ መኪና ማቆሚያው ቅርብ ነው። በረዶው ግን በሆኪ ጫማ የተፋቀ ስለሆነ ድንጋዩ እንደፈለገው ይሄዳል፤ ያለ መጥረግ ለሚጫወት ሰው ይህ ያናድዳል። ከጨዋታውም በኋላ ሰው ወደየመኪናው ይበተናል። ለመሞከር አዳራሹ ይበቃል፤ ለመቆየት ከሆነ እኔ ነባሩን ክለብ እመርጣለሁ፣ ደረጃውን እስካሸነፈ ድረስ።

ስልክ ደውላችሁ «ለአካል ጉዳተኛ ይመቻል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። ይልቅ መወጣጫው ስንት ሜትር እንደሆነ፣ የማንሻው ቁልፍ ማታ ማን ዘንድ እንደሚያድር፣ የወንበር መስመሮቹ ዘንድሮ በረዶው ውስጥ መግባታቸውን ጠይቁ። ከዚያ በሊግ ምሽት ሂዱና ጨዋታው ሲያልቅ ሰዉ ወዴት እንደሚሄድ ቆማችሁ ተመልከቱ።